ፈታኙ ማን ይሁን? ስለ ቅጥርና ደረጃ እድገት ጎንደር ላይ የተነሳ ውይይት

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሑድ ማታ ነው የጻፍኩት። እስከ ረቡዕ 31 መልስ መጣ። ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። ዘግይታችሁ ለገባችሁና ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። የማንንም ስም አልጠራም። አንዳንዱን አሳጥረዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቆም እላለሁ።

መነሻው ይህ ነበር። እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። 12 ዓመት ሆኖኛል። የሠራተኛው ፋይል በእጄ ያልፋል። ማን መቼ እንደተቀጠረ፣ ማን ስንት ጊዜ ተወዳድሮ እንደቀረ አውቃለሁ። የፋይል ምስጢር አላወራም፣ አደራ ነው። ግን አንዲት ባልደረባዬ የሷን እንድናገር ፈቀደችልኝ።

የቡድን መሪ ቦታ ክፍት ሆነ። ማስታወቂያ ተለጠፈ። 6 ሰው ተመዘገበ። በጽሑፍ ፈተናው እሷ 1ኛ ወጣች። 2ኛ የወጣው ከሷ በ11 ነጥብ ያንሳል። ከዚያ ቃለ መጠይቅ ተደረገ። 3 ሰው ተቀምጦ ጠየቃት። 15 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አጠቃላይ ውጤቱ ሲለጠፍ 2ኛ ሆና ተገኘች። በቃለ መጠይቁ የተሰጣት ነጥብ ከ6ቱ ሁሉ ትንሹ ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ ቦታው ላይ የሚመደበው ሰው አለቃ ነው። ሌሎቹ 2ቱ በሱ ሥር የሚሠሩ ናቸው።

እና ጠየቅሁ። ሁላችንም ብቃት ብቃት እንላለን። ብቃቱን የሚመዝነው ግን ማን ነው? የወደፊቱ አለቃ ራሱ መዛኝ ከሆነ ሚዛኑ እንዴት ይታመናል? ፈታኙ ሌላ ሰው መሆን አለበት አልኩ። ሕጉም ስለዚህ ጉዳይ ዝም ብሏል ብዬ ጨመርኩ። በዚህ በመጨረሻው ተሳስቼ ነበር።

መልስ 1 አዘዞ አካባቢ ከምትሠራ ነርስ መጣ። በትሕትና ነው የጀመረችው። ባልደረባዬን እንዳጽናናላት ለመነችኝ። ከዚያ የራሷን ሙያ አነሳች። የጤና ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሙያ ፈቃድ ፈተና ይወስዳል። ፈተናውን የሚያወጣው ያስተማረው ኮሌጅ አይደለም፣ የሚቀጥረው ሆስፒታልም አይደለም። ስለዚህ ስትቀጠር ሙያዋን ማንም እንዳልተጠራጠረ ጻፈች። ከተማችን ለዚህ ነገር አዲስ እንዳልሆነችም አስታወሰችን። በ1947 ዓ.ም. እዚህ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪውን ወረቀት ላይ ብቻ አልመዘነም። የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያውን) በአንድ ቡድን አድርጎ ቆላ ድባን ወደመሰሉ ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር። ወባ ያለበት አገር ገብተው ሲሠሩ ነው ማንነታቸው የሚታየው።

መልስ 2 ቆጣ ያለ ነው። ጸሐፊው የመሬት ቀያሽ ነው። ፈተና ማለፍና ሥራ ማወቅ ለየቅል እንደሆኑ ነገረን። ማስታወሻ ሸምድዶ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ሰው አብሮት ሠርቷል። መሣሪያውን መስክ ላይ ተክሎ ማስተካከል ግን አልቻለም። የሰው ወሰን በሜትር ስቶ ሁለት ጎረቤታሞች ፍርድ ቤት ተካሰሱ። ስለዚህ ለሱ ዋናው ጉዳይ ፈታኙ ማን ነው ሳይሆን ምን ይፈትናል ነው። እኔ ሁለቱም ዋና ናቸው ብዬ አስባለሁ። ግን የተግባር ፈተና በሚለው ሙሉ በሙሉ ተስማማሁ።

መልስ 3 እኔን ያረመኝ ነው። የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ የሆነች እህት ናት። ሕጉ ዝም አላለም አለችኝ። የ2010ሩን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1064ን ጠቀሰች። ክፍት ቦታ በማስታወቂያና በውድድር ነው የሚሞላው። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ምክንያት በሥራ ፈላጊዎች መካከል ልዩነት ማድረግ ክልክል ነው። አዲስ ተቀጣሪ 6 ወር የሙከራ ጊዜ አለው። እሷን የሚያበሳጫት ይህ የሙከራ ጊዜ ነው። ከየትኛውም ፈተና የተሻለ መመዘኛ ሆኖ ሳለ ማንም እንደማይጠቀምበት በምሬት ጻፈች። 6 ወሩ ሲያልቅ ቅጹ ተሞልቶ ይመጣል፣ ሰውየው ሥራ ላይ ይዋል አይዋል የሚያጣራ የለም። እኔም መዝገብ ቤት ሆኜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ባለፉት 12 ዓመታት በሙከራ ጊዜው የተሰናበተ ሰው ፋይል በእጄ አላለፈም።

መልስ 4 አንድ መስመር ናት። ሰው የሌለው ሰው ለምን እንደሚወዳደር ነው የጠየቀው። ከሁሉም መልሶች ብዙ ድጋፍ ያገኘችው እሷ ናት። አሳዘነችኝ።

መልስ 5 ለመልስ 4 የተሰጠ ቁጣ ነው። ጸሐፊው የደንቢያ ገበሬ ልጅ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድም ዘመድ ሳይኖረው 9 ጊዜ ተወዳድሮ ወድቋል፣ በ10ኛው ገብቷል። ማስታወቂያ ለማንበብ ብቻ ሦስት ቀን የሰው ቤት እያደረ ከቢሮ ቢሮ ዞሯል። ሰው የለኝም ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ፣ ሰው ላለው ቦታውን በነፃ እንደሚለቅለት ነው የሚያምነው። ቃሉ ከረር ብሏል፤ ግን 10 ጊዜ የተሰለፈ ሰው ይህን ለማለት መብት ያለው ይመስለኛል።

መልስ 6 የመልስ 3 እርማት ነው። እህታችን የጠቀሰችው የፌዴራል አዋጅ መሆኑን አመለከተ። እሱም ቢሆን በ2017 በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ጎንደር ያለ የከተማም ሆነ የወረዳ መሥሪያ ቤት የሚመራው በአማራ ክልል ሕግና መመሪያ ነው። እሷም ወዲያው አመሰገነችው። መሠረተ ሐሳቡ ተመሳሳይ በመሆኑ ለማስረዳት ብላ እንደጠቀሰችው ገለጸች። እንዲህ ያለ መተራረም ሳይ ደስ ይለኛል።

መልስ 7 እና 8 ወደ ሌላ ነገር ወሰዱን። አንዱ ባልደረባዬ ሴት ስለሆነች በድጋፍ ነጥብ ማለፍ ትችል እንደነበር ጻፈ። ሌላዋ ተቆጣች። የሴቶች ድጋፍ የሚሠራው ውጤቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ነው። ይህች ሴት ግን 1ኛ ነው የወጣችው። 1ኛ ለወጣ ሰው ድጋፍ እንዲፈለግለት ማድረግ ራሱ መናቅ ነው። ባልደረባዬም ሲነበብላት የተናገረችው ይህንኑ ነው።

መልስ 9 የአንድ ጡረተኛ ነው። ረጅም ነው፣ ግን ሙሉውን አንብቡት። ቢፒአር፣ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጡ ማለት ነው፣ በመጣ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ ከመደቡ ተነስቶ እንደ አዲስ ተወዳደረ። 20 ዓመት የሠራ ሰው ለገዛ ወንበሩ ተመዘገበ። ትምህርት፣ ልምድና የሥራ አፈጻጸም በነጥብ ተቀመጡ፣ እስከዚያ ጥሩ ነበር ይላሉ። ከዚያ አመለካከት የሚባል ነጥብ መጣ። እሱን የሚሞላው አለቃ ነው። ስብሰባ ላይ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው አመለካከቱ ዝቅ አለ። እሳቸውም ዝቅ ብሎባቸው ከነበሩበት ደረጃ ወርደው ተመደቡ። ኋላ ውጤት ተኮሩ ምዘና ቢኤስሲ መጣ፣ ቀጥሎ የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባው ጄኢጂ መጣ፣ በየጊዜው ድልድል ነበር። ስሙ ሲቀያየር የሚሞላው እጅ ግን ያው አንድ እጅ ሆኖ መቅረቱን ጋሼ ጻፉ። የኔን ጥያቄ ከኔ በተሻለ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።

መልስ 10 የታሪክ ወዳጅ ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን አነሳ። በጦርነት ተማርኮ የመጣ ልጅ በችሎታው አድጎ የጦር ሚኒስትር ሆነ። አፄ ምኒልክ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚችል አይተው ሾሙት ይላል። ሚኒስቴሮቹ የተቋቋሙት በ1907 እንደሆነም ጻፈ። መልስ 11 አረመው። 1907 የፈረንጆቹ ነው፣ በኛ ጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። ስለ ሹመቱ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ያ ዕድል የተገኘው አንድ ንጉሥ ሰው ማየት ስለቻለ ነው። ቀጣዩ ሹም ማየት ባይችልስ?

መልስ 12 ላይ ቆም ልበል። ጸሐፊው በልጅነታቸው የአብነት ተማሪ የነበሩ አባት ናቸው። የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን ድጓን ጎጃምም ተማረው ወሎም ተማረው፣ ሊቅ ለመባል ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉትን ዜማዎች የተማረ ዙር አምባ ይወጣል። አቋቋም፣ ማለትም የማሕሌቱን ዜማና ሽብሸባ፣ የተማረ ደግሞ ወደኛው ወደ ጎንደር በአታ ማርያም ይመጣል። የገዛ መምህሩ ጎበዝ ነህ ቢለው በቂ አይደለም። ስንቁን ይዞ በእግሩ ይጓዛል። ምስክር ቤቱ ሲደርስ አባቱን የሚያውቅ የለም። መምህሩ ፊት ቆሞ ከዳር እስከ ዳር ይዘልቀዋል። ከተሳሳተ ይመለሳል። ያለቅሳል፣ ይማራል፣ ደግሞ ይመጣል። አስተማሪው ሌላ፣ መስካሪው ሌላ። እኚህ አባት ፈታኙ ሌላ ይሁን የሚለው ነገር ለዚህ አገር አዲስ ሐሳብ እንዳልሆነ ገርሟቸው ነው የጻፉት። እኔም ገረመኝ። በአታ ማርያም ደጅ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ እንዲህ አስቤው አላውቅም።

መልስ 13 ወዲያው ተቃወመ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሁሉም ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምሳሌ አይሆንም አለ። ቃሉ ሹል ነበር። ውይይቱ ወደ ሌላ ጠብ ሊሄድ ነው ብዬ ፈራሁ።

ያዳነን መልስ 14 ነው። የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው። በምሳሌው ቅር እንዳልተሰኘ ጻፈ። እንዲያውም የራሱን ጨመረበት። ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ ማለት ነው፣ ኪታቡን ቀርቶ (ተምሮ) ሲጨርስ ሼኹ ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፣ ይሰጡታል። ኢጃዛው ላይ ከማን እንደቀራ፣ ሼኹም ከማን እንደቀሩ እስከ ላይ ይዘረዘራል። እዚህ ላይ የሚመሰክሩት ያስተማሩት ሼኽ ራሳቸው ናቸው። ግን ስማቸውን አስይዘው ነው። ደረሳው ሳያውቅ ቢያስተምር የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ልጁ ያነሳው ሐሳብ ከኔ ይለያል። ፈታኙ ማንም ይሁን ማን፣ ስሙን በአደባባይ አስፍሮ ይፈርም። እውነት ለመናገር ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ራሱ ተለወጠ። ለባልደረባዬ ዝቅተኛ ነጥብ ሲሰጣት 3ቱ ጠያቂዎች እያንዳንዳቸው ስንት ስንት እንደሰጧት የትም አልተለጠፈም። የተለጠፈው ድምሩ ብቻ ነው።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ስለ ውኃ ናቸው። አንዱ በሰፈሩ ውኃ ከመጣ ሳምንት እንዳለፈው አነሳ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን ተናገሩ። ጎንደር ላይ ስለ ማንኛውም ነገር ሲወራ መጨረሻው ውኃ ነው። መልስ 18 ግን ወደ ነገራችን መለሰው። ጸሐፊው ለከተማዋ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን አስታወሰ። ደለል የዓመታት ክትትል የሚጠይቅ ሥራ ነው። ተፋሰሱን የሚያጠና፣ ጥናቱንም ለሚቀጥለው ሰው የሚያወርስ ባለሙያ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የማይችል ሰው ቢቀመጥ ጉዳቱ ዛሬ አይታይም። ከ10 ዓመት በኋላ በባዶ ጀሪካን ይታያል።

መልስ 19 አዲስ አበባን ጠቀሰ። በ2016 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር አመራሩንና ሠራተኛውን በጽሑፍ ፈተነ፣ ብዙ ሰውም ወደቀ። እዚህም ሁሉም ይፈተን አለ።

መልስ 20 የሰጡት ጸሐፊ ሆነው 27 ዓመት የሠሩ እናት ናቸው። ሥራ የጀመሩት በታይፕ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ አላስተማራቸውም። ከደመወዛቸው ቆጥበው ፒያሳ ማሠልጠኛ ከፍለው ነው የተማሩት። የየትኛው ደብዳቤ ቅጂ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ሲጠይቋቸው ይነግሩዎታል። ፈተና እንደማይጠሉ ጻፉ። የሚፈሩት ሳያስተምሩ መፈተንን ነው። መጀመሪያ ሥልጠና ይሰጠኝ፣ ከዚያ ልፈተን ነው ጥያቄያቸው። ትክክል ናቸው።

መልስ 21 ያስቀየመኝ እሱ ነው። ወጣት ተመራቂ ነው። የሱ ትውልድ 12ኛ ክፍል ተፈትኗል፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፣ ለቅጥርም እንደገና ይፈተናል። የቀደሙት ግን ሳይፈተኑ ወንበር ይዘዋል ይላል። ብሶቱ ይገባኛል። ሥራ ፈትቶ 2 ዓመት መቀመጥ ቀላል አይደለም። ግን እትዬን የመለሰበት ቃል ለእናት የሚባል አይደለም። ነገርኩት። በኋላ ቃሉን አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም ልጄ ብለው መረቁት።

መልስ 22 ስለ ደመወዝ ነው። በመስከረም 2018 ማሻሻያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በዚህም የቤት ኪራይ ከፍሎ አይተርፈውም፣ የሚችለው ሰው ወደ ግል ድርጅት ይሄዳል ይላል። እውነት ነው። ግን ባልደረባዬ አልሄደችም፣ እዚሁ ናት።

መልስ 23 አስተዳደር የሚያስተምር ሰው ነው። አሜሪካን አነሳ። እዚያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሹመት ለደጋፊ የሚሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ሹመት ጠይቆ የተከለከለ ሰው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በጥይት መታው። ፕሬዚዳንቱ ከወራት በኋላ ሞተ። በ1883 የፔንድልተን ሕግ ወጣ፣ ቅጥር በፈተና እንዲሆን ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሕጉ የነካው ጥቂቱን ሠራተኛ ብቻ ነው፣ ቀስ በቀስ ነው የሰፋው። መልስ 24 የሩቅ አገር ወሬ በቃን ብሎ አቋረጠው። እኔ ግን ቀስ በቀስ የሚለው ይጠቅመናል ባይ ነኝ።

መልስ 25ን ሳነብ ሌሊት 6 ሰዓት ነበር። ስሙን ደብቆ የገባ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት ቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ጠዋት ከመግባቱ በፊት አለቃው በቁራጭ ወረቀት አንድ ስም ሰጠው። ምንም አልተባለም፣ ስም ብቻ። እሱም ገባው። ለዚያ ስም ከፍ ያለ ነጥብ ሰጠ። አጥጋቢ መልስ ለመለሰ ሌላ ልጅ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ጻፈ። የዚያን ጊዜ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ቤት ኪራይ ነበረበት፣ እምቢ ለማለት አቅም አጣ። ያ ልጅ ዛሬ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን ሳያውቅ ተሳፈረበት። ልጁ ለይቶት በስሙ ጠርቶ ሰላም አለው። ሒሳብ አልቀበልም አለ። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጣ ጻፈ።

26 እና 27 ሰደቡት። ሌባ አሉት። 28 ግን መናገሩ ራሱ ጀግንነት እንደሆነ ገልጾ ሁለቱን ገሠጸ። እኔ ከ28 ጋር ነኝ። ጥፋቱ ጥፋት ነው፣ የልጁ ሕይወት ተበላሽቷል። ግን ያ ቁራጭ ወረቀት እንዴት እንደሚዞር ከውስጥ የነገረን እሱ ብቻ ነው። ሰው ሲናገር ከሰደብነው ሁለተኛ የሚናገር አናገኝም። እሱም ያንን ልጅ ፈልጎ እንዲያነጋግረው በግል ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

መልስ 29 መምህር ነው፣ መፍትሔ ይዞ መጣ። በፈተና ወረቀት ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ። ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ። ጠያቂዎቹ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፣ ለየብቻ ይፈርሙ። ከጠያቂዎቹ ቢያንስ አንዱ ከሌላ መሥሪያ ቤት ይምጣ። የእያንዳንዱ ነጥብ ከነፊርማው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም። ከአንድ ወረቀትና ከአንድ ሙጫ በላይ ምን ያስወጣል?

መልስ 30 መልስ 3ን የጻፈችው የሰው ኃይል ባለሙያዋ ናት፣ ተመልሳ መጣች። የመምህሩን ሐሳብ ለአለቃዋ በጽሑፍ አቅርባለች። ከሌላ መሥሪያ ቤት ጠያቂ ማምጣቱ ደብዳቤ መጻጻፍ ስለሚፈልግ ጊዜ ይወስዳል። ወረቀት ላይ ቁጥር መጻፉን ግን በሚቀጥለው ቅጥር ትሞክረዋለች።

መልስ 31 የባልደረባዬ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ስታነብ ነበር። ሁላችሁንም አመሰገነች፣ በተለይ ጋሼን፣ እትዬንና የአዲስ ዓለሙን ልጅ። የተመደበውን ሰው እንደማትጠላው፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም እንደምትለው ጻፈች። ቦታው ይሰጠኝ ብላ አይደለም የምትከራከረው። የ3ቱ ጠያቂዎች ነጥብ ለየብቻ ይታየኝ ነው የምትለው። ቅሬታዋን ትናንት ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አስገብታለች። ደብዳቤውን መዝግቤ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።